ከሩቅ የሚያቀርበው

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሙሉሐረግ ልጅ ለእፀገነት፣ ሻርጃ

ቅዱስ ሚካኤል በምትገቢበትም በምትወጪበትም በር ላይ ይቁምልሽ። የምትተኩሺው ልብስ አያቃጥልሽ፤ የላውንደሪው እንፋሎት ዓይንሽን አይንካው። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ደርሷል፤ ውርጭ ሳይቀድመን ልናጭደው ነው።

ወረቀት መጻፌ እንዳያስደነግጥሽ። ስልኩ አንዳንድ ቀን ይሠራል፤ ኢንተርኔት የሚባለው ግን ከነሐሴ ወዲህ የለም። ደግሞ አሁን የምጠይቅሽን ነገር ወንድምሽ ምስክር በስልክ እንዳነሣው አልፈቀደልኝም። «አባባ፣ ስለ ካሜራ በስልክ አያውሩ» አለኝ። ለምን ስለው «እንዲሁ» አለ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ዕቃ እየነገደ ወደ እናንተ ለሚመላለሰው ለከላላው ሰው ለጀብሪል እሰጠዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቂው የማገለግልበት የጽድ አምባ ሚካኤል ጣሪያ ባለፈው ክረምት ተከፍቷል። ውሃው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ወርዶ የዮርዳኖሱን ሥዕል ግማሽ ይዞት ወደቀ። የቀሩት ላይኛው ተርታ ያሉት መላእክት ናቸው፤ እነሱም አብጠዋል። ደሴ ያለው ሰዓሊ አስናቀው መንገዱን ፈርቶ አልመጣም። «እያንዳንዱ መስመር የሚታይበት ፎቶ ላኩልኝ፤ ግድግዳው ቢወድቅ እንኳ ከፎቶው መልሼ እሥለዋለሁ» ብሎ ልኮብኛል። ሌላ ክረምት ግድግዳው አይችልም።

ፎቶ የሚያነሣ በቤታችን አለ። ችግሩ የሚቆምበት ቦታ ነው። ምስክርና አልታዬ በሰማንያ እንጂ በቁርባን አልተጋቡምና እሱ ወደ መካከለኛው ክፍል፣ ወደ ቅድስት አይዘልቅም። ውጭኛው ክፍል ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ቆሞ በመጋረጃው መክፈቻ አሻግሮ ማንሣት አለበት። ከዚያ እስከ ላይኛው ተርታ ሩቅ ነው፤ ጨለማም ነው። ፍላሽ ደግሞ ካህናቱ አይፈቅዱም፤ ቀለሙን ይልሰዋል ይላሉ። ያኔ ከካሜራው ጋር የላክሽለት ሌንስ ውስጡ ሻግቷል። ሞክሮ ሲያሳየኝ የሚካኤል ፊት ጭቃ መሰለኝ።

«ምን ቢኖርህ ይሆናል?» አልሁት።

«ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ። ደግሞ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ።»

«ቆርበህ ብትጋባ አይቀልም?»

«እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ቁርባን!» ብሎ ሳቀ። ከሳቀ ብዙ ጊዜው ነበር።

ከቻልሽ ያን ሌንስ ፈልጊለት። ሥራው ቀዝቅዟል። ገበያ ላይ ፎቶ የሚነሣ የለም፤ ሰው ፊቱ በሌላ ሰው እጅ እንዲቀር አይወድም። የፎቶ ቤቱን ማስታወቂያ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኖታል። ለአቧራው ነው ብሎኛል።

አብሽሪ፤ ሌላ የምትሰጊበት ነገር የለም።

አጎትሽ ቄስ ኃይለ ማርያም


ሻርጃ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ ለቄስ ኃይለ ማርያም

መስቀልዎን በሩቁ ተሳልሜያለሁ፤ በረከትዎ ይድረሰኝ። ልደትን በሥራ ላይ ዋልኩ፤ ማታ ግን ከልጆቹ ጋር ዶሮ ሠርተን ፈሰክን። ጤናዬ ደህና ነው።

አርብ ዕረፍቴ ነውና ካሜራ የሚሸጥበት ሰፈር ሄድኩ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ አሉ። ሌንስ እፈልጋለሁ ስላቸው እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር። ካሜራው ምንድን ነው? ካኖን። የሚነሣው ሰው ነው ዕቃ? መልአክ ነው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። የግድግዳ ሥዕል መሆኑን ሳስረዳቸው «ታዲያ ወንድምሽ ለምን አይጠጋም?» አሉ። የሰማንያውንና የቁርባኑን ነገር በዓረብኛ ማስረዳት አቃተኝ። «ሃይማኖታችን አይፈቅድለትም» ስላቸው «እንግዲያው ረጅሙ ነው» ብለው ከመደርደሪያው አወረዱ።

አባባ፣ ረጅሙን አየሁት። ክንድ ያክላል። ሲያዞሩት ደግሞ ከውስጡ ሌላ አንገት ይወጣል። ዓይኔ ላይ አድርገውልኝ መንገዱን ተሻግሮ ያለ ሰው ሳይ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ታየኝ። ሰውዬው ግን እኔን አላየኝም። ያኔ ሌላ ነገር አሰብኩ፦ ምስክር ይህን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ሳለ ከአንድ ኮረብታ ላይ የሚያየው ሰው ቢኖርስ? ምን የያዘ ይመስለዋል? እዚህ ያሉ የእኛ አገር ልጆች ካሜራ ይዞ ስለተወሰደ ሰው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የት እንደሆነ አይናገሩም። እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ።

ስለዚህ ረጅሙን አልገዛሁም። አልተገኘም ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ለእርስዎ ግን አልዋሽም። የገዛሁት ሃምሳ የሚሏትን ትንሿን ነው። የሽንኩርት ራስ ታክላለች፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ሽማግሌው «ብርሃን ትጠጣለች፤ በጨለማም ታያለች፤ ግን አታቀርብም» ብለዋል። ከፊቷ የሚገጠም መከላከያ መስታወት፣ ጥላ የምትሰጣትን ኮፍያና መጥረጊያ ጨርቅ ጨምሬያለሁ። ባለ ሦስት እግሩም አለ፤ ይታጠፋል። ሁሉንም ጀብሪል ይዞ ይመጣል።

ምስክር በእጁ ጽፎ አያውቅም እንዴ? ወይስ ወረቀት እናንተ ዘንድ ጠፋ?

ልጅዎ እፀገነት


መካነ ሰላም፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት

እግዚአብሔር ልፋትሽን ለበረከት ያድርግልሽ። መልስ የዘገየሁት መንገዱ ተዘግቶ ነው። አሁንም የተከፈተ አይመስለኝም፤ ጀብሪል ግን «ወላሂ ቄስ፣ በቅሎ ባለፈችበት ሁሉ አልፋለሁ» ብሎ ወረቀቴን እየጠበቀ ነው።

ሃምሳዋ ደርሳለች። ሸጋ ዕቃ ናት። ምስክር የአልታዬን ፊት በመስኮት ብርሃን ብቻ አንሥቶ አሳየኝ፤ የሽፋሽፍቷ ጥላ ጉንጯ ላይ ይታያል። ለግድግዳው ግን አልሆነችም። ከቅኔ ማኅሌቱ ሲያነሣ የመላእክቱ ተርታ በሙሉ በአንድ ጥፍር ልክ ይገባል፤ ሲያሰፋው ይበተናል። «ይቺ የምትፈልገው እንድትቀርባት ነው» አለኝ።

በውስጥ በኩል መቅረብ ስላልተፈቀደለት በውጭ በኩል ቀረበ። መሰላል አስደግፎ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ነፋስ የገለጠውን ቆርቆሮ ገፋ አድርጎ ቁልቁል ሊያነሣ ነው። ጣሪያ ላይ አናጢም ይወጣል፤ የሚከለክል ሥርዓት የለም። መሰላሉን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ሐሳቡ ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ከማዶ ሸንተረሩ ላይ ሰዎች ነበሩ። ታጥቀዋል። የማን ወገን እንደሆኑ አልጽፍልሽም። መጥተው «ውረድ» አሉት፤ ወረደ። አንደኛው፣ ገና ጢም ያላበቀለ ነው፣ «እዚያ ላይ ሆነህ ምን ትሰልላለህ?» አለው። ምስክር «መላእክት ነው የማነሣ» አለ። እውነቱን ነው። እነሱ ግን የቀለደባቸው መሰላቸው።

ጥቂት ጠየቁትና መለሱት። ደህና ነው። ካሜራውንና ሌንሷን ሰጥተውታል፤ ሌንሷ አንዳች አልሆነችም፣ ኮፍያዋ ብቻ ተሰንጥቋል።

አሁን ረጅሙን ሌንስ እንደገና አስቢበት። እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ግን ጣሪያ ያስወጣው አጭሩ ነው። ረጅሙ ቢኖረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ ከውጭ ማንም ሳያየው ቆሞ ይጨርሰዋል። ማቆሚያውን ከላላ፣ ጀብሪል ቤት ትተነዋል። ሦስት እግሩን ዘርግቶ ሲቆም ከሩቅ ምን እንደሚመስል ምስክር አሳየኝና እኔም ደነገጥሁ። በእሱ ፈንታ መቋሚያዬን እሰጠዋለሁ፤ ሞክረነዋል፣ ሌንስ አናቱ ላይ ሸጋ አድርጎ ይቀመጣል። የሚያብረቀርቅ ነገር አትላኪ። ነጭም አይሁን። ጥቁር ፕላስተር ካገኘሽ ጨምሪ፤ ካሜራው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት ሊሸፍንባት ነው።

አጎትሽ ቄስ ኃይለ ማርያም


ሻርጃ፣ መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ

በጾሙ ጸሎትዎ አይለየኝ። እኔም እየጾምኩ ነው፤ የጀብሪል ወገኖችም ረመዳናቸውን ይዘዋል፤ ላውንደሪው ውስጥ ምሳ የሚበላ የለም።

«ጥቂት ጠየቁትና መለሱት።» ከዚህች መስመር ጋር ነው የሰነበትኩት። ጥቂት ማለት ምን ያህል ነው? የት ወስደው ነው የጠየቁት? ስለ ሌንሷ ኮፍያ ሳይቀር ጽፈውልኛል፤ ስለ ምስክር እጅና እግር ግን አንድ ቃል የለም። ጀብሪልን በር ላይ ያዝኩት።

«አብሽሪ እህቴ፣ ይሄዳል» አለኝ።

«ይሄዳል ማለት?»

«በእግሩ ይሄዳል ማለቴ ነው። ትንሽ ያነክሳል እንጂ።»

አባባ፣ ይህን ከጀብሪል መስማት አልነበረብኝም።

መጀመሪያ ካሜራውን ይሽጠው ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። ከዚያ ያሉትን አሰብኩበት። እውነትዎን ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ፣ በሩ ተዘግቶ ቢጨርሰው ይሻላል። ጨርሶት ካሜራውን ያስቀምጥ። ለዚህ ብዬ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሱቅ ተመለስኩ። ሦስት ረጃጅሞች አሉ። አንዱ ነጭ ነው፤ እሱን እንዳያወርዱት ነገርኳቸው። ሁለተኛው ጥቁር ብረት ነው፤ ከባድ። ሦስተኛው ቀላል ነው፣ ከሃምሳ አምስት እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ይሉታል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን የሚያረጋጋ ነገርም አለው። እንዴት እንደመረጥኩ ልንገርዎ። ሽማግሌውን መንገድ አሻግሬ አቆምኳቸው። እያንዳንዱን በየተራ ዓይናቸው ላይ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። እኔ ከዚህ ማዶ ሆኜ እያየሁ፣ እኔ ጠመንጃ የያዝኩ ብሆን የትኛውን ሳይ እተኩሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ብረቱን ሲያነሡ ሳላውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ቀላሉን ሲያነሡ ግን መነጽር የሚያስተካክሉ ሰው መሰሉ። እሱን ገዛሁ።

«ሌላው ደንበኛ በሚያሳየው ይመርጣል። አንቺ ሲታይ በሚመስለው መረጥሽ» አሉኝ።

ፕላስተሩን ጨምሬያለሁ። ኮፍያ አልጨመርኩም፤ ያስረዝመዋል።

እፀገነት


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት

ከሞት በተነሣው ጌታ ስም ሰላም እልሻለሁ። ምስክር ከቤት ነው ያለው፤ እግሩ ድኗል፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፍ። ሌንሱ ግን እኛ ዘንድ የለም። የሆነውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ ከጀብሪል እንዳትሰሚው።

ጀብሪል ከደሴ ወዲህ ማለፍ ስላልቻለ ዕቃውን አስናቀው ቤት ትቶት ነበር። ምስክር ሊሄድ ተነሣ። ከለከልሁት። የሽማግሌ ቄስ ቦርሳ ማን ይፈትሻል ብዬ ከፋሲካ በኋላ እኔው ወረድሁ። የመንበሩን መጎናጸፊያ፣ ቀዩን ግምጃ፣ ጠርዙን ለማሰፋትም ጉዳይ ነበረኝ።

ስመለስ ከፊታችን የነበረው ሚኒባስ ቦርሳው ሁሉ አስፋልት ላይ ሲዘረገፍ አየሁ። ቄስም ነበረበት። ያን ጊዜ ሌንሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ በግምጃው ጠቀለልሁት፤ ደረቴ ላይ አቀፍሁት። ፈታሹ ልጅ ገባ፣ አየኝ፣ ቆቡን አውልቆ አማተበና ወረደ። ጥበበኛ የሆንሁ መሰለኝ።

መኪናው አቀስታ ላይ አበቃ። ምስክር በቅሎ ይዞ በግማሽ መንገድ ሊቀበለኝ ስለነበር በእግሬ ተነሣሁ። ግምጃውን ልፈታው ይገባኝ ነበር። ግን ሌላ ፍተሻ ቢኖርስ ብዬ እንደታቀፍሁት ሄድሁ። ፀሐይ ስለነበር ጥላዬን ዘረጋሁ። አሁን አስቢው፦ ቄስ፣ ጥላ፣ በቀይ ግምጃ የተጠቀለለ ነገር።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ጀሪካኗን አውርዳ መሬት ላይ ተደፋች። «አባታችን፣ የማን ታቦት ነው?»

«ተነሺ እናቴ፣ ታቦት አይደለም።»

«እንዳንሸኝ ብለው ነው እንጂ!» ብላ እልል አለች። ከማሳው ሰው ወጣ። ጫማውን እያወለቀ ይከተለኝ ጀመር። አይደለም ባልሁ ቁጥር «ትሕትናው!» ይላሉ። መንገዱ ሞላ። አንዱ ከፊት እየሮጠ ከብት ያስወግዳል። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ ለሌንስ ሰው ሲሰግድ እያየሁ።

ከዚያ ባህሩ የሚባል ገበሬ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ከፊቴ ቆመ። «ታቦት ከሆነ ደወሉ የት አለ? ሁለተኛው ካህን የት አለ? ካልሆነ ምን አቅፈህ ነው የምትሮጠው?» አለ። እልልታው ጸጥ አለ። አንድ ድምፅ ከኋላ «ሰርቆት ነው!» አለ።

ልጄ፣ በዚህ አገር ታቦት የሰረቀ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። ፍርድ ቤት አይደርስም። ድንጋይ ሲነሣ አየሁ። ልፈታው ብል ሌንስ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሩቅ የሚያይ ዕቃ ደብቆ የሚያልፍ ሰው ምን ይባላል? አልፈታም ብል ሌባ ነኝ። ግምጃውን ይዤ ቆምሁ። ያዳነኝ እነሱው ናቸው። አንዱ «ይፈታና እንየው!» ሲል ሌላው «አንተ ባለጌ፣ ታቦት ቢሆንስ? በዓይንህ አይተኸው ልትቀሠፍ ነው?» ብሎ ጮኸበት። መንካት ፈሩ። እኔንም ግምጃውን ስላቀፍሁ መንካት ፈሩ። ከበው ወደ ደብራቸው ወደ ማርያም ነዱኝ፤ የሚያየው ካህን ብቻ ነው ብለው።

የደብሩ ገበዝ መሪጌታ ንጉሡ ቤተልሔሙን ዘጋውና ሁለታችን ብቻ ሆነን ፈታሁት።

«ምንድን ነው?»

«ሌንስ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሩቁን ያቀርባል።»

«የባሰ መጣ!» አለና ራሱን ያዘ።

የግድግዳውን ነገር ነገርሁት፤ ያምነኛል፤ አብረን ቅኔ ቆጥረናል። ወጥቶ «ታቦት አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሆን ዕቃ ነው» አላቸው። ባህሩ ግን «ሕዝብ ወድቆ ሰግዶለታል። ምንነቱን ሳናይ ከዚህ አይወጣም» አለ። ነገሩ እንዲህ ተቆረጠ፦ ሌንሱ በማርያም ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ግንቦት 21 በንግሥዋ ቀን ባለቤቱ መጥቶ ምን እንደሆነ በሕዝብ ፊት ያሳያል። ባለቤቱ ማለት ምስክር ነው። ስሙን መናገር ግድ ሆነብኝ።

አልሄድም ቢል ስርቆቱ እውነት ነው ይባላል። ስለዚህ አብረን እንሄዳለን።

አጎትሽ


ሻርጃ፣ ግንቦት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን የምትይዘው ልጅ ኤርፖርት ልትሄድ ታክሲ እየጠበቀች ነው።

ምስክር እንዳይሄድ። ሌንሱን ለማርያም ስጡት፤ ስእለት ነው በሉ፤ የወደዱትን ያድርጉት። ሕዝብ በተሰበሰበበት መካከል ካሜራ አንሥቶ የሚቆም ወንድም የለኝም። የሚያዩት እዚያ ያሉት ብቻ አይደሉም።

ወደ ምስክር ስልክ ደወልኩ። ሌላ ሰው አነሣና «ማን ልበል?» አለኝ። ድምፁን አላውቀውም። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም፤ ለመደወልም ላለመደወልም ፈራሁ።

እፀገነት


ጽድ አምባ፣ ሰኔ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት

መልአኩ በመካከላችን ይቁም። የታክሲዋ ወረቀትሽ የደረሰኝ ከበዓሉ በኋላ ነው። ስልኩን ያነሣው ሰው ገዝቶት ነው፤ ምስክር የፎቶ ቤቱን ዕቃ ሲሸጥ ስልኩንም ሸጦታል። በዚህ እንኳ ልብሽ ይረፍልሽ።

ግንቦት 21 ሄድን። ቅዳሴው ሲያበቃ መሪጌታ ንጉሡ ሌንሱን ከዕቃ ቤት አወጣ፤ ምስክር ካሜራው ላይ ገጠመው። ወደ ዓይኑ ሲያነሣው ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ሴቶቹ ዞሩ። ምስክር አወረደው። ምስል የሚቀመጥባትን ካርድ ከካሜራው አውጥቶ መሪጌታው መዳፍ ላይ አኖረና «አሁን የማንም ፊት አይቀርበትም። መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ» አለ።

ባህሩ ቀደመ። መቋሚያዬን ተክለን አናቱ ላይ አስቀመጥንለት። ማዶ ለማዶ ሲያዞር ቆየና «ኧረ! የኔ በሬ ከሰው ገብስ ገብቷል!» ብሎ ካሜራውን ጥሎ ሊሮጥ ነበር። ሳቅ ሆነ። ድንጋይ ያነሡብኝ ሰዎች ተራ ያዙ። «እንዲህ ከሆነማ ሚስትህን ጠብቅበት!» ይባባላሉ። እኔም ሳቅሁ። አለፈ አልሁ።

ድንቅነሽ የምትባል አሮጊት ተራዋ ሲደርስ ወደ መንገዱ አዙሩልኝ አለች። ልጇ ከሄደ ቆይቷል። ብዙ አየች። «አቧራ አለ። ልጄ ይሆን?» አለች። ምስክር አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር። «አባባ፣ መኪኖች ናቸው። ሰው ጭነዋል» አለኝ ዝቅ ብሎ። በጆሮ ገና ምንም አይሰማም። መሪጌታው «ወደየቤታችሁ!» አለ፤ ግቢው ባዶ ሆነ። እኛ ከግንቡ ሥር ተኝተን ድምፁ ሲመጣ፣ ከታች ሲያልፍ፣ ሲርቅ ሰማን። አልቆሙም። የማን እንደነበሩ አላውቅም።

ሌንሱን መለሱልን። መርቀው ነው የሸኙን።

በሳምንቱ ባህሩ ከሁለት ሰዎች ጋር በግ እየነዳ ጽድ አምባ መጣ። «ከአምባችሁ ላይ መንገዱ እስከ ታች ይታያል። ምስክር ጧት ወጥቶ ማታ ይውረድልን። ምግቡ በእኛ ነው። ዓይናችን እሱ ነው» አለ።

«እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ» አለ ምስክር።

«ሠርግ ሲኖር እንጠራሃለን የኔ ወንድም። አሁን ቁምልን።» ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት።

እፀገነት፣ ሲጠረጥሩት እንዲህ አልፈራሁም። ሲስሙት ፈራሁ። ያ ሰላይ ነህ ብሎ ከጣሪያ ላይ ያወረደው ልጅ እንደገና ቢመጣ አሁን ምን እንለዋለን?

በማግሥቱ ካሜራውንም ሁለቱንም ሌንስ መቅደስ አስገባሁ። ከካህን በቀር የሚገባበት የለም። ባህሩ ሲመለስ «የምስክር እጅ ባዶ ነው፤ ሂደህ ከሚካኤል ተቀበል» አልሁት። አኩርፎ ሄደ። ሌላ ሰው ይልካል።

ካሜራው ከገባ ዘንዳ ሥራው ለምን ይቀራል ብዬ እኔው አነሣሁ። አስቀድሞ ለምን እንዳላሰብነው አላውቅም፤ ካሜራ የምስክር፣ ግድግዳው የእኔ ብለን ተከፋፍለን ነበር። እኔ መጠጋት እችላለሁና ሃምሳዋ በቃችኝ። መሰላሉን ቅድስት ውስጥ አቁሜ ወጣሁ፤ ምስክር ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ይጮህልኛል።

«ትንፋሽዎን ይዋጡ!»

«ከዋጥሁ መቼ ነው የምተፋው?»

«ከተጫኑ በኋላ! አሁን ቀለበቷን ወደ ግራ።»

«ግራ በእኔ ነው በሚካኤል?»

ሁለታችንም ሳቅን። የመላእክቱን ተርታ ጨረስሁት። ክረምቱ ገብቷል፤ ትናንት የሩፋኤል ክንፍ ወድቆ አደረ። ክንፉ ካርዷ ላይ አለ። ካርዷን ግን ለማን ይዘህ ሂድ ልበል? እዚያው መቅደስ ናት።

ዛሬ ጧት ምስክርና አልታዬ ገበያተኛ መስለው ወጡ። ጀብሪል ከታች መንገዱ ላይ ተቀብሎ ከላላ፣ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሊያስቀምጣቸው ነው። እሷ ቅቤ ይዛለች፤ እሱ ዶሮ። ሌላ ነገር የለውም፤ ኪሱን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ።

አምባው ጫፍ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። እስከ ወንዙ የአልታዬ ነጠላ ይለየኝ ነበር። ከወንዙ ወዲያ ገበያተኛው ሁሉ አንድ ሆነ። መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ ሰዎች ቆመዋል። ምን እንደያዙ ከዚህ አይታይም። ገበያተኛው እነሱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

ሌንሱ ከኋላዬ ነበር፤ የመቅደሱ ቁልፍ እጄ ላይ። ባወጣው የምስክርን ፊት እስከ ቅንድቡ አየዋለሁ። ከዚያ ማዶ ያለው ደግሞ ቀና ብሎ እኔን ያያል፤ አምባ ላይ ቆሞ ረጅም ነገር የደቀነባቸውን ሰው። ዘወር ብሎም ከፊቱ የቆመውን ጎልማሳ ያያል።

ቁልፉን ጨብጬ ቆምሁ። ዶሮ ጮኸ፤ ሩቅ ስለሆነ የማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሰዉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ነጫጩ ነገር አንድ በአንድ ወደ መታጠፊያው ገባ። ሁሉም ይለፉ፣ አንድ ይቅር፣ በእኔ ዓይን አልለይ አለ።

አጎትሽ ቄስ ኃይለ ማርያም